መከራ ምክንያት አለው፦ የቡድሃ ትምህርት መሠረት

በህንድ፣ በምያንማር፣ በታይላንድና በኢንዶኔዥያ የጥንት የቡድሃ እምነት ስፍራዎች ሲቆፈሩ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ቅርስ አለ። ከመዳፍ የማይበልጥ የሸክላ ማኅተም ነው። የታተመበት ፊደል በየአገሩ ቢለያይም መልእክቱ አንድ ነው። የአምላክ ስም አይጠራም፤ ለሞተ ሰው ነፍስም ዕረፍት አይለምንም። የሚናገረው ታላቁ መምህር ከምክንያት የሚነሡ ነገሮች ምክንያታቸው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚያከትሙ ማስተማሩን ብቻ ነው። ምእመናን ይህን ጽሑፍ ስቱፓ በሚባሉት የመታሰቢያ ሕንጻዎች ውስጥ ያኖሩት የነበረው ለቅዱስ ሰው ዐፅም በሚሰጥ ክብር ነው። በትውፊታቸው እንደሚተረከውም፣ ከቡድሃ ደቀ መዛሙርት በጥበብ አንደኛ የሚባለው ሳሪፑታ ወደ ትምህርቱ የገባው ይህንኑ አጭር ቃል ከአንድ መነኩሴ አፍ ሰምቶ ነው። ተአምር አላየም፤ ረጅም ስብከትም አላስፈለገውም።

ስለ ቡድሃ እምነት መሠረታዊ ትምህርቶች ስናገር ይህን የሸክላ ምስክር እከተላለሁ። እምነቱ ለእኛ ብዙ ጊዜ የሚተዋወቀው ወይ በሌለው ነገር፣ ማለትም ፈጣሪ አምላክን ባለማስተማሩ፣ ወይም በቁጥር ዝርዝር ነው፦ አራቱ እውነቶች፣ ስምንቱ መንገዶች፣ አምስቱ ክምችቶች። ዝርዝሮቹ ትክክል ናቸው። ትምህርቱ ከመጻፉ በፊት ለዘመናት በቃል ሲወርድ ስለኖረ ቁጥሩ የማስታወሻ ዘዴ ነበር፤ በቃል ትምህርት ያለፉ የአብነት ተማሪዎቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ሆኖም ዝርዝሩን ብቻ የያዘ ሰው ነገሩን የሚያያይዘውን ሐሳብ ገና አላገኘም። ሐሳቡ ይህ ነው፦ መከራ ከምክንያት ይመጣል፤ ከምክንያት የመጣ ነገርም ምክንያቱ ሲነሣ ይቆማል። ቡድሃ ስለ ነፍስ፣ ስለ አምላክ፣ ስለ ሥራና ዋጋው፣ ኒርቫና ስለሚባለው የመከራ ማብቂያም ያስተማረው ሁሉ ከዚህ እንደሚፈልቅ እከራከራለሁ። ይህን አባባል የሚፈታተኑት ጥያቄዎች ብዙና ከባድ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜዬንም የምሰጠው ለእነሱ ነው።

ቡድሃ የማዕረግ ስም ነው፤ የነቃ ማለት ነው። ሰውየው ሲድሃርታ ጋውታማ የሚባል፣ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ በዛሬዎቹ ኔፓልና ህንድ ድንበር አካባቢ ይኖር ከነበረው ከሻክያ ሕዝብ የተወለደ ነበር። አንዳንዱ ትውፊት ሞቱን በ544 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያደርገዋል፤ ብዙዎቹ የዘመናችን ተመራማሪዎች ግን ወደ 400 ያቀርቡታል። ተወለደባት በምትባለው በሉምቢኒ፣ የጥንቷ ህንድ ንጉሥ አሾካ በነገሠ በ20ኛው ዓመቱ ቦታውን እንደተሳለመና የነዋሪዎቹን ግብር እንደቀነሰ የሚናገር የድንጋይ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል። የሕይወቱ ታሪክ እንዲህ ይተረካል። መከራ እንዳያይ ታጥሮ ያደገው ልዑል አንድ ቀን ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ አስከሬን፣ በመጨረሻም ባሕታዊ አየ። በ29 ዓመቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ስድስት ዓመት ሥጋውን በጾም ቀጣ፤ በዚያም ስላልረካ መጠነኛ ምግብ ወስዶ ቦድ ጋያ በሚባለው ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ነቃ። ከዚያ 45 ዓመት ሲያስተምር ኖሮ በ80 ዓመቱ በኩሲናጋር ሞተ።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። በቤተ መንግሥት ታጥሮ ያደገው፣ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ የደነገጠው፣ በኋላም ዓለምን የናቀው የህንድ ልዑል ይዋስፍ የሲድሃርታ ታሪክ ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር የወለደው ሰው መሆኑን ሊቃውንት ካረጋገጡ ቆይተዋል። ነገር ግን በጉዞው ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። በግእዙ መጽሐፍ ልዑሉ ለድንጋጤው መልስ የሚያገኘው ከባሕታዊው በረላም የክርስቶስን ወንጌል ሲሰማ ነው። በጥንቱ ታሪክ ግን ልዑሉ ሽማግሌውን አይቶ የጠየቀው «ይህ ከምን መጣ?» ብሎ ነው፤ መልሱንም ከማንም አልተቀበለም። በህንድና በአክሱም መካከል የነበረው ንግድ የቡድሃ እምነት ጠባቂ ተደርጎ የሚታወሰው ንጉሥ ካኒሽካና ዘመዶቹ የቀረጹትን የወርቅ ሳንቲም እስከ ደብረ ዳሞ አድርሷል፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1940 ከአንድ መቶ በላይ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ወርቁ ደረሰ፤ በዘመኑ ታሪኩም ደረሰ። የምክንያት ትምህርቱ ግን ከታሪኩ ጋር አብሮ አልመጣም። እኔም ዛሬ ትኩረቴን በሕይወት ታሪኩ ላይ ሳይሆን በዚህ ላይ የማደርገው ስለዚህ ነው።

ከነቃ በኋላ ቡድሃ በቫራናሲ አቅራቢያ በሳርናት ለአምስት የቀድሞ ጓደኞቹ የሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት አራቱ እውነቶች የሚባሉት ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን ልብ በሉ፤ ሐኪም በሽታውን ለይቶ፣ መነሻውን ፈልጎ፣ ይድናል ወይስ አይድንም ብሎ ወስኖ፣ ከዚያ መድኃኒት እንደሚያዘው ነው። የመጀመሪያው መከራ አለ ይላል። መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከወደዱት መለየት፣ ከጠሉት ጋር መኖር፣ የፈለጉትን ማጣት ሁሉ መከራ ነው። ደስታም ቢሆን የሚያልፍ በመሆኑ ከዚህ አያመልጥም። ሁለተኛው መነሻውን ያሳያል፤ ጥማት ነው፤ የሥጋ ደስታን መጠማት፣ መኖርን መጠማት፣ አለመኖርንም መጠማት። ሦስተኛው ጥማቱ ሲቆም መከራው ይቆማል ይላል። አራተኛው የሚያቆመውን መንገድ ይዘረዝራል፦ ቀና እይታ፣ ቀና ሐሳብ፣ ቀና ንግግር፣ ቀና ሥራ፣ ቀና መተዳደሪያ፣ ቀና ጥረት፣ ቀና ማስተዋል፣ ቀና ተመስጦ። ይህ መንገድ በምቾት ከመዋጥና ሥጋን ከማሰቃየት መካከል ስለሚሄድ የመካከለኛው መንገድ ተባለ።

በእነዚህ እውነቶች ውስጥ ከሁሉ የረቀቀው፣ በጠቅላላ መግቢያዎች ግን የሚዘለለው ሁለተኛው ነው። ጥማት ከየት ይመጣል? ጽሑፎቹ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ይከተላሉ። ዓይን ቅርጽን፣ ጆሮ ድምፅን ሲያገኝ ስሜት ይነሣል፤ ደስ የሚል፣ ደስ የማይል ወይም ከሁለቱም ያልሆነ። ከስሜቱ ጥማት ይወለዳል፤ ከጥማቱ ሙጥኝ ማለት፤ ሙጥኝ ከማለት እንደገና መሆን፣ እንደገና መወለድ፣ እንደገና ማርጀትና ማልቀስ። የሰንሰለቱ ሁሉ ሥር አለማወቅ ነው፤ የሚያልፈውን እንደማያልፍ፣ የእኔ ያልሆነውን እንደ እኔ መቁጠር። የተመስጦ ትርጉም የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ተመስጦ ለእንቅልፍና ለጭንቀት ማስታገሻ ተብሎ ይሸጣል። በጥንቱ ትምህርት ግን ሥራው ስሜት ተነሥቶ ጥማት ሳይሆን ያለችውን ቅጽበት ማየት ነው። ስድብ የሰማ ሰው ሕመሙ ይሰማዋል፤ ይህን ማንም አይከለክለውም። ሕመሙን እንደ ሕመም ካወቀውና ለበቀል ካልቸኮለ ግን ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ይቆረጣል። መንገዱ በምግባር የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚዋሽና የሚሰርቅ ሰው ልቡ ስለማይረጋ ይህችን ቅጽበት ሊያይ አይችልም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ሕይወትን ሁሉ መከራ ብሎ የሚጀምር ትምህርት የተስፋ መቁረጥ ትምህርት ነው ይባላል። ለዚህ መልሱ በራሱ በአራቱ እውነቶች አሠራር ውስጥ አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው መከራ የዕጣ ፈንታ ወይም የፍጥረት ባሕርይ ነው፣ አይነሣም ይላል። ቡድሃ ግን መነሻው ይታወቃል፣ የሚታወቅ መነሻም ሊቋረጥ ይችላል ነው ያለው። ደግሞ የነቃ ሰው ሕመም አይሰማውም ብሎ አላስተማረም። ጽሑፎቹ ራሳቸው እንደሚሉት በስተርጅና ጀርባውን እያመመው ትምህርቱን ለሳሪፑታ አስረክቦ ጋደም ይል ነበር። የቀረለት ሥጋው የማያስወግደው ሕመም ሳይሆን ልቡ በሕመሙ ላይ ይጨምረው የነበረው ነው። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ነገር ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። የልጅ ፍቅር፣ የአገር ፍቅር፣ የእርሻና የቤት ደስታ ለብዙ ሰው ሕይወትን የሚያስወድዱ ናቸው፤ ከሁሉ የላቀውን ኑሮ ምንኩስና ያደረገው ትምህርት ለእነዚህ ዝቅ ያለ ቦታ መስጠቱ የሚካድ አይደለም። ይህን አለሳልሶ ማለፍ ለትምህርቱም ታማኝነት አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ጥልቅ ነው። ቡድሃ ሰው ውስጥ የማይለወጥ እኔነት የለም አለ። ሰው የምንለው አምስት ክምችት ነው፦ ሥጋ፣ ስሜት፣ መለየት፣ የፈቃድ ዝንባሌዎችና ንቃተ ሕሊና። እያንዳንዱ ከምክንያት ይነሣል፣ ይለወጣል፣ ያልፋል፤ ከእነሱ ጀርባ የተቀመጠ ባለቤት አይገኝም። ይህም ቢሆን ከምክንያት ትምህርቱ የተቀዳ ነው። በምንም የማይነካ እኔነት ቢኖር ኖሮ መከራ አይደርስበትም፣ ከመከራም ሊወጣ አይችልም ነበር። ታዲያ ነፍስ ከሌለች ለሥራው የሚጠየቀው ማነው? እንደገና የሚወለደውስ ማነው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በዛሬዎቹ አፍጋኒስታንና ፓኪስታን የነገሠው ግሪካዊው ንጉሥ ሜናንደር፣ በህንድ ስሙ ሚሊንዳ፣ መነኩሴውን ናጋሴናን ይህንኑ እንደጠየቀው «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» የሚባለው መጽሐፍ ይተርካል። ናጋሴና ከመለሰው አንዱ ስለ ማንጎ ሌባ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ማንጎ ሰርቆ ሲያዝ፣ ባለቤቱ የተከለው ሌላ ማንጎ ነው፣ እኔ የለቀምኩት ሌላ ነው ብሎ ቢከራከር ንጉሡ ይለቀዋልን? አይለቀውም፤ የተለቀመው ከተተከለው በምክንያት የተያያዘ ነውና። ኃላፊነት የሚያስፈልገው የማይለወጥ ባለቤት ሳይሆን ያልተቋረጠ ትስስር ነው ማለት ነው።

መልሱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲታይ ያሳምነኛል። የትናንቱ ተበዳሪ የዛሬው ከፋይ የሚሆነው በውስጡ ያልተለወጠ ፍሬ ስላለ አይደለም። ከአንድ ሕይወት ወደ ሌላ ሕይወት ሲሻገር ግን ክርክሩ ይሳሳል፤ ሥጋው ፈርሶ፣ ትዝታው ጠፍቶ፣ ትስስሩን ምን ይሸከመዋል? ቡድሂስቶች ራሳቸው በዚህ ላይ ተከፋፍለዋል። አንዱ ወገን ከክምችቶቹ ጋር አንድም ያልሆነ ልዩም ያልሆነ ሰውነት አለ አለ፤ ሌሎቹ ይህን ነፍስን በጓሮ በር ማስገባት ነው ብለው ተቃወሙት። ሌላ ወገን ደግሞ የሥራ ዘሮች የሚቀመጡበት ጥልቅ ንቃተ ሕሊና አለ አለ። ክርክሩ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ መሆኑ ችግሩ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስለታም ጥያቄ አለ። ሁሉ ነገር ከምክንያት ከሆነ ኒርቫናም መንገዱን በመከተል የሚገኝ ከሆነ፣ ኒርቫና ራሱ ከምክንያት የመጣ ነውና ያልፋል ማለት ነው። ናጋሴና ለዚህ የሰጠው መልስ ሰው ወደ ሂማላያ በእግሩ መሄድ ይችላል፤ መሄዱ ግን ተራራውን አልፈጠረውም የሚል ነው። ኒርቫና የስግብግብነት፣ የጥላቻና የአለማወቅ እሳት መጥፋት ነው፤ መንገዱ የሚያነሣው ማገዶውን ነው። ምናልባት ከሁሉ የላቀ የአእምሮ ሥራ የሠራው ግን በሁለተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በህንድ እንደኖረ የሚገመተው ናጋርጁና ነው። ነገር ሁሉ ከራሱ የሆነ ቋሚ ባሕርይ የለውም ሲል፣ እንዲህ ከሆነ አራቱ እውነቶችም ይፈርሳሉ አሉት። እሱ ግን ክርክሩን ገለበጠው። መከራ ከራሱ የሆነ ቋሚ ባሕርይ ቢኖረው ኖሮ ማንም ሊያነሣው አይችልም ነበር፤ ሊነሣ የሚችለው በሌላ ላይ የተመረኮዘ ስለሆነ ብቻ ነው። በቻይና፣ በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በቬትናምና በቲቤት የተስፋፋው የማሃያና ወገን በብዙው የቆመው በዚህ አስተሳሰብ ላይ ነው። በስሪ ላንካ፣ በምያንማር፣ በታይላንድ፣ በላኦስና በካምቦዲያ ያለው የቴራቫዳ ወገን ደግሞ ጥንታዊዎቹን የፓሊ ጽሑፎች ይዞ በራሱ መንገድ ወደዚያው የምክንያት ትምህርት ይመለሳል።

ወደ አምላክ ጥያቄ ስንመጣ፣ በዚህ አዳራሽ ያለ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ልዩነቱን በግልጽ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው በሚል ትህትና መሸፈኑ ለማንም አይጠቅምም። በቡድሃ ጽሑፎች ውስጥ አማልክት አሉ፤ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፣ በደስታ ይኖራሉ፣ ነገር ግን እነሱም ከምክንያት ተወልደው ያልፋሉ። ብራህማ የተባለው ታላቅ አምላክ ሁሉን እኔ ፈጠርኩ ብሎ ያመነውም ከሌሎቹ ቀድሞ በመወለዱ እንደሆነ አንድ ጽሑፍ ይናገራል፤ የፈጣሪነት እምነት ራሱ ምክንያት ተፈልጎለታል። ዓለም ዘላለማዊ ናት ወይ፣ ነፍስና ሥጋ አንድ ናቸው ወይ ብሎ ለሞገተው ማሉንክያፑታ ለሚባል መነኩሴ ደግሞ ቡድሃ በተመረዘ ቀስት ስለተወጋ ሰው ነገረው፤ ቀስቱን የወረወረው ማን፣ የየትኛው ወገን እንደሆነ ካልተነገረኝ አይነቀልልኝም የሚል ሰው ሳያውቅ ይሞታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ እምነት ሳይሆን ፍልስፍና ነው ይላሉ። ነገር ግን መነኮሳት ያሉት፣ የንስሐ ሥርዓት ያለው፣ ሙታንን የሚሸኝ፣ ሰውን ከሞትና ከመወለድ አዙሪት ለማውጣት የሚተጋ ነገር ሃይማኖት ካልተባለ ስሙ ሌላ ምን ይሆናል? ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ለአብርሃም ልጆች እምነቶች ዓለም የፈቃድ ሥራ ናትና ሰው ለመከራው ይቅርታና ምሕረት ይለምናል። ለቡድሃ ዓለም የምክንያቶች መረብ ናትና ሰው መጀመሪያ መረዳትን ይፈልጋል። ሁለቱ መነሻዎች አይዋሃዱም።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ነገር ነው፣ ተራው ምእመን ግን አበባ ይዞ ይሰግዳል፣ ዕጣን ያጨሳል፣ ልጅ እንዲያገኝ ይለምናል የሚል ሰው እውነት አለው። አብዛኛው ምእመን ኒርቫናን በዚህ ሕይወት አያስብም። አምስቱን ቃል ኪዳኖች፣ ማለትም አለመግደልን፣ አለመስረቅን፣ አለማመንዘርን፣ አለመዋሸትንና ከሚያሰክር መጠጥ መራቅን ይጠብቃል፤ ጠዋት ለሚዞሩ መነኮሳት ምግብ ይሰጣል፤ የተሻለ መወለድን ይመኛል። በጃፓን ሺንራን (1173–1263) ሰው በራሱ ጥረት ሊነቃ አይችልምና አሚታባ በሚባለው ቡድሃ ቸርነት ብቻ ይታመን ብሎ አስተምሯል፤ ይህ ከጥንቱ ትምህርት ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን ሺንራን እዚያ የደረሰው የራሱን ልብ መርምሮ፣ መልካም ሥራውን እንኳ ትዕቢት እንደሚያነሣሣው አይቶ ነው፤ የምክንያት ምርመራውን ሳይተው ሌላ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የምእመናኑ ምጽዋትም ቢሆን ሙጥኝ ባይነትን በየዕለቱ የሚያላላ ሥራ ሆኖ በገዳማቱ ሲሰበክ የኖረ ነው።

ታሪክ የሚያቀርበው ተቃውሞ ይበልጥ ያማል። ንጉሥ አሾካ የካሊንጋን አገር ወግቶ 100,000 ሰው እንደተገደለና 150,000 እንደተጋዘ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ጸጸቱን ተናግሯል፤ በዚያው ጽሑፍ ግን የጫካ ሕዝቦችን ቢያምፁ የሚቀጣበት ኃይል እንዳለው ያስጠነቅቃል። በምያንማር እ.ኤ.አ. በ2007 መነኮሳት በባዶ እግራቸው ወታደራዊውን አገዛዝ ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው አገር ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ ደግሞ፣ ከመነኮሳቱ አንዳንዶቹ ጥላቻን ሲሰብኩ ቆይተው ነበር። እነዚህ እውነተኛ ቡድሂስቶች አይደሉም ብሎ ማለፍ ቀላል ማምለጫ ነው። ትምህርቱ ራሱ ለማንም ከለላ አይሰጥም። ቢጫና ቀይ ልብስ የለበሰውም ልብ «እኛ» እና «እነሱ» የሚል ሙጥኝ ባይነት ሲገባበት ጥላቻ ያፈልቃል፤ የሃይማኖቱ ስም ምክንያቱን አይለውጠውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ስለ ካርማ ነው። የሰው ሁኔታ ካለፈ ሥራው የመጣ ከሆነ፣ ድሃው ድህነቱን፣ የተናቀው ንቀቱን አምጥቶታል ማለት ነው፤ ለጨቋኝ ከዚህ የተመቸ ትምህርት የለም። በእርግጥም ካርማ በእስያ ብዙ ቦታ ለዚህ ውሏል። ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ግን ሌላ ነገር ይላሉ። ሲቫካ የተባለ ተቅበዝባዥ ባሕታዊ ሰው የሚሰማው ሁሉ ካለፈ ሥራው ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ቡድሃ አይደለም አለው። ሐሞት፣ አክታ፣ ነፋስ፣ የእነሱ ድብልቅ፣ የአየር ለውጥ፣ ራስን አለመጠበቅ፣ የሌላ ሰው ጥቃትም ምክንያት ይሆናሉ፤ የሥራ ፍሬ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምስክርም አለ። አንድ ጽሑፍ አንድ ንጉሥ ለድሆች መስጠት ሲተው ድህነት እንደበረታ፣ ከድህነት ስርቆት፣ ከስርቆት መሣሪያ፣ ከመሣሪያ ግድያ፣ ከግድያ ውሸት እንደተወለደ ደረጃ በደረጃ ይተርካል። በሌላ ጽሑፍ ሽፍትነት ያስቸገረው ንጉሥ መሥዋዕት ሊያቀርብ ሲነሣ አማካሪው በመግደልና በማሰር ሽፍትነት አይጠፋም፤ ለገበሬው ዘርና መኖ፣ ለነጋዴው መነሻ ገንዘብ፣ ለአገልጋዩ ደመወዝ ስጥ ይለዋል። የስሜትንና የጥማትን ሰንሰለት የመረመረው ዓይን እዚህ የአገርን ሰንሰለት ይመረምራል። ቡድሃም ሰው ክቡር የሚሆነው በሥራው እንጂ በመወለዱ አይደለም ብሏል። ጸጉር አስተካካዩን ኡፓሊን ከሻክያ መሳፍንት ቀድሞ ወደ ማኅበሩ መቀበሉም በትውፊቱ ተመዝግቧል፤ መሳፍንቱ በምንኩስና ሥርዓት ከአገልጋያቸው ዝቅ ብለው እንዲሰግዱለት ሆኗል።

ይህን ክር በዘመናችን አንሥቶ እስከ ጫፍ የጎተተው ቢምራኦ አምቤድካር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 «አይነኬ» ከሚባሉት ወገኖች የተወለደው፣ በኋላም የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምቤድካር፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 1956 በናግፑር ከመቶ ሺዎች ጋር የቡድሃን እምነት ተቀበለ። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት የታተመው «ቡድሃና ዳማው» የተባለው መጽሐፉ ዛሬ ያነሣኋቸውን ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ያነሣል። 29 ዓመት የሞላው ሰው ሽማግሌና አስከሬን ሳያይ ኖረ መባሉን አይቀበልም። አራቱ እውነቶች በተለመደው አነጋገር ሰውን ተስፋ ያስቆርጣሉ፣ ምናልባትም መነኮሳት በኋላ ያስገቧቸው ናቸው ይላል። ነፍስ ከሌለች ካርማ ከሕይወት ወደ ሕይወት እንዴት ይሻገራል ብሎ ይጠይቃል። መነኩሴስ ለራሱ ፍጹምነት ነው የሚኖረው ወይስ ለሕዝብ አገልግሎት? የእሱ መደምደሚያ የመከራ ዋና ምክንያት በኅብረተሰቡ ውስጥ ነው፣ መነሣት ያለበትም እዚያ ነው የሚል ነው።

ብዙ የቴራቫዳ ሊቃውንት ይህ የቡድሃ ትምህርት አይደለም ብለዋል። እኔ ከአምቤድካር ጋር ከመንገዱ ብዙውን ክፍል እሄዳለሁ። መከራ ምክንያት አለው ያለ ትምህርት ንቀትንና ድህነትን ካለፈ ሕይወት ኃጢአት ላይ ለጥፎ መቀመጥ አይችልም፤ ይህን ያደረጉት የራሳቸውን መነሻ ክደዋል። ሁለተኛውን እውነት የመነኮሳት ጭማሪ ማለቱን ግን አልቀበለውም። የጭቆና ሰንሰለት የወደቀለት ሕዝብ ውስጥም ጥማት ይነሣል፤ ነፃ የወጣው ትላንት ጨቋኙ የተቀመጠበትን ወንበር ሊመኝ ይችላል። አምቤድካርም ይህን የዘነጋ አይመስለኝም። በዚያ የጥቅምት ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ የሰጣቸው 22 ቃል ኪዳኖች ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን አምኖ ለእኩልነት መትጋትን ያዝዛሉ፤ ከዚያው ተከትሎም ስምንት ዘርፍ ያለውን መንገድ መከተልን፣ አለመስረቅን፣ አለመዋሸትንና መጠጥ አለመጠጣትን በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይጥላሉ።